ገጽ ሰባት የጎደለው የሲፈን መጽሐፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2011

የፊዚክስ ፈተና ተመለሰ። 7 ከ20። አስተማሪው ምንም አላለም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አምና 14 ሳመጣ ክፍሉ ፊት አቁሞ ልክ ልኬን ነግሮኛል። ዘንድሮ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አለፈ። እህቱ የሞተችበት ልጅ 7 ማምጣት ተፈቅዶለታል ማለት ነው።

ስወጣ በር ላይ ቲቸር ገመቹ። የታችኛው ት/ቤት የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ኃላፊ። ልጅ ሳለሁ እኔንም አስተምሮኛል። ጥቁር ፌስታል ሰጠኝ። የእህቴ የሲፈን መጽሐፍ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ታነብላቸው የነበረው። ራሷ ጽፋ ራሷ የሳለችው። ልጆቹ መቼ ነው የምትቀጥለው እያሉ ይጠይቁኛል አለ። ከዚያ የጠየቁት ምን እንደሆነ ገባውና አፉን ያዘ። እኔ እንድቀጥልላቸው ይፈልጋል። ታኅሣሥ 6 ደግሞ «አፍሪካ በት/ቤታችን» የሚል ፕሮግራም አለ። በእሷ ስም።

አልፈልግም አልኩት። ፌስታሉን ግን ይዤ መጣሁ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ ደብተር።

አዲስ ስለሆንክ አንድ ጊዜ እነግርሃለሁ። ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ፣ ቀን 6 ሰ.። ሲፈን ልጆቹን አስነብባ ስትወጣ ከሸነን ድንች ጭኖ የመጣ አይሱዙ ፍሬን አልያዘለትም። 19 ዓመቷ ነበር። ሹፌሩ አልሸሸም። ራሱ አቅፎ ጤና ጣቢያ አደረሳት። አባቴ ነርስ ነው። ተረኛው እሱ ነበር።

በቃ። ሁለተኛ አልጽፈውም።

በአማርኛ የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ከእሷ ጋር የምናወራው፣ የምንሰዳደበውም በኦሮምኛ ነበር። እሱን አንተ ላይ አላባክነውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4። 10 ሰ.

ፌስታሉን ፈታሁ። መጽሐፍ ነው ይበሉት እንጂ ያልተሰፋ ወረቀት ነው። ካርቶን ሽፋን፣ በክር የታሰረ። እያንዳንዱ ገጽ ላዩ ኦሮምኛ፣ ታቹ አማርኛ፣ መሃሉ ሥዕል። ሰው መሳል አትችልም ነበር። የሳለችው ሰው ሁሉ እግሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ጉልበት የለውም።

የሽፋኑ ውስጥ ላይ ሕግ አውጥታለች። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«1. "አፍሪካውያን እንዲህ ያደርጋሉ" ብሎ መጀመር ክልክል ነው። እነማን? የት? የሕዝቡ ስም ይጻፍ!
2. ጭፈራ ካለ መጨረሻ ላይ። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጨፍር አይውልም።
3. እንደ እንግዳ አትመልከት። እዚያ ሰፈር የተወለድክ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብትሆን ማንን ትፈራለህ? በምን ትናደዳለህ? ምን ያስቅሃል?»

ቁጡ ነበረች። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ «ያቺ ዝምተኛ ልጅ» ይላል። ለቅሶ ላይ የተናገሩት ሁሉ ሌላ ሴት ናት።

እዚህ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚማሩ የውጭ አገር ልጆችን እየለመነች ነው የጻፈችው። የቀረውን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ። ጥግ ላይ «ማን ነገረኝ» የሚል ሳጥን አለ። አንዱ ላይ፦ «ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነገሩኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ መንደራቸው ይለያያል»።

ማውጫው ላይ 12 ገጽ። ያለው 11 ወረቀት። ገጽ 7 የለም። ማውጫው «ማሊ፦ የሚሰዳደቡ ዘመዳሞች» ይላል። ማን ወሰደው? እዚያ ቢሮ ውስጥ ሻይ ደፍተውበት ጥለውት ይሆናል።

ገጽ 12 አለ። ባዶ ነው። ከላይ «እኛ» ይላል። ሥሩ በእርሳስ፦ «ሌላውን ለመጻፍ ሰው ጠየቅኩ። ስለ ራሴ ማንን ልጠይቅ?»

ዓመት ሙሉ ነበረሽ፣ ሲፈን። አባታችን ነበረ። እኔ ነበርኩ። ባዶ ትተሽው ሄድሽ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሄድኩ። ሃያ ሦስት ልጆች። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ የእሷ ሕግ ነው። ሰሌን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሽታው ራሱ ያናድዳል።

ገና ሳልጀምር ገላና የሚባል ጥርሱ የወለቀ ልጅ፦ «ቲቸር፣ አፍሪካ ሄደህ ታውቃለህ?»

አሁን የት ያለህ ይመስልሃል አልኩት።

«አምቦ!»

«አምቦ የት ነው?»

«ኢትዮጵያ! አይ፣ እኔ የምልህ አፍሪካውን ነው። ጥቁሮቹ ያሉበትን።»

ልጁ ከእኔ ይጠቁራል። ማን እንዲህ ብሎ ነገረው? ማንም አልነገረውም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያወራው። ቲቪውም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም ድሮ። ሲፈን ይሄን ለማፍረስ ነው ዓመት የፈጀችው። የሞተችውም ከዚህ ክፍል ስትወጣ ነው።

ገጽ 3 አነበብኩ። ዚምባብዌ፣ ሾና የሚባሉ ሕዝቦች። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአባቱ የሚወርሰው ምልክት አለው፤ ብዙ ጊዜ እንስሳ ነው። ምልክትህ ዓሣ ከሆነ ዓሣ አትበላም፣ የራስህን ሰው እንደ መብላት ነው። ሲያመሰግኑህም በምልክትህ ነው፤ «አንተ አንበሳ፣ እናመሰግናለን»።

ገላና እጁን አወጣ። «የእኔ ዝሆን ነው። በልቼ አላውቅም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንበር ቢኖር ይወድቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

በዕረፍት ከቢጫው ጀሪካን ውሃ ይቀዳል። ኩባያው አንድ ነው፤ አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ እሷ የገዛችው። ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። በር ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጋ ሲደርስ እጇን ወደ ብብቷ ሰበሰበች። ውሃ አይጠማትም እንዴ አልኩ። አጠገቧ ያለችው፦ አኮ ከልክላታለች አለች። አያቷ ማለቷ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የሰው አያት ሥራዬ አይደለም። ልጅቷ ግን ሌሎቹ ሲጠጡ ምራቋን ስትውጥ አይቻለሁ። ከንፈሯ ደርቋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ከት/ቤት ስመለስ ሳሎን ሽማግሌዎች። አራት። ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈዋል። ዋናው ኦቦ ደበላ ናቸው፣ በሰፈሩ ጠብ ሁሉ የሚጠሩት። ለጉማ ነው የመጡት።

ጉማ ምን እንደሆነ አንተ ደብተር ብትሆንም እወቀው። ሰው ሰው ሲገድል፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ በመኪናም ቢሆን፣ በሁለቱ ቤት መሃል ደም ይገባል። እስኪታረቁ ድረስ በአንድ ዕቃ አይጠጡም፣ አብረው አይበሉም፣ ከእጅ ወደ እጅ ነገር አይቀባበሉም። የገዳዩ ወገን የሟችን ወገን መንገድ ላይ ካየ ይታጠፋል። ፍ/ቤቱ የራሱን ጉዳይ ይዟል፤ ሹፌሩ በዋስ ወጥቷል። ያ የመንግሥት ነው። ይሄ የእኛ ነው።

አባቴ ግን ይቅር ብሏል። በቀብሯ በሦስተኛው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ምእመኑ ፊት ቆሞ። እሱ የጉባኤው ሽማግሌ ነው፣ ቶሎ ይቅር ማለት አለበት። ሰዉ አጨበጨበ። አጨበጨበ! እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ማን ጠየቀኝ? እናቴን ማን ጠየቃት?

ኦቦ ደበላ የአባቴን ይቅርታ አመሰገኑ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ የአንድ ሰው አፍ ቤት ሙሉ አያስታርቅም አሉ። ወንድሟም መቀመጥ አለበት። አብሮ እጁን መታጠብ፣ አብሮ መብላት አለበት። አባቴ ለእርቁ በሚታረደው በግ ላይ የሚደረገውን ሥርዓት አልቀበልም፣ እኔ የማውቀው ጸሎት ነው አለ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ጸሎት ይሆናል፣ እጅ መታጠብና መብላት ይሆናል። ካሳ ሲነሳ እናቴ ከጓዳ ሳትወጣ፦ «አንወስድም። ስሙን እንዳታነሱብኝ።» አበቃ።

ቅዳሜ ኅዳር 29፣ ጠዋት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አልመጣም አልኩ።

አባቴ «ሮባ» አለ። ስሜን ብቻ። ሲቆጣ እንደዚያ ነው። ወጥቼ በሩን በቡጢ መታሁት። የመታሁበት እጄ አሁን አብጧል፤ ፊደሌ የተበላሸው ለዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

እናቴ አታወራም። ጨው አምጣ፣ በር ዝጋ። ከዚያ ውጪ የለም።

ዛሬ ገጽ 5ን ለቅዳሜ እያዘጋጀሁ ነበር። ጋና፣ አካን የሚባሉ ሕዝቦች። ልጅ ከሌላ ስሙ በተጨማሪ የተወለደበት ቀን ስም አለው። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ ነው። ረቡዕ የተወለደች ሴት አኩዋ። ስሙን ስትሰማ ቀኑን ታውቃለህ። ሲፈን ሥሩ ጽፋለች፦ «ልጆቹን የተወለዱበትን ቀን አስጠይቂያቸው። እናቶች ያስታውሳሉ፣ ማንም አይጠይቃቸውም እንጂ።»

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሲፈን ምን ቀን ተወለደች አልኳት። ሞኝነት ነው፣ ከአፌ ወጣ።

ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ጀመረች። ረቡዕ ነበር። ሌሊት ዝናብ፣ ጠዋት ፀሐይ። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶቹ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ መጡ፣ ገንፎው በቅቤ ተሠርቷል፣ ቀኑ ጾም ነው! ሰባት ሴት ገንፎውን ከበው እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንዷ፦ «ይቺ ልጅ ከወዲሁ አስጨናቂ ናት!» ብላ ሳቀች። እነሱን ለማስደሰት ሌላ በዘይት ተገነፋ። ተቃጠለ። ተቃጥሎም ተበላ።

ሃያ ደቂቃ አወራች። ከዚያ ምንም ሳይኖር፦ «እና አባትህ ሰው ፊት ይቅር አለ» አለች። ሽንኩርቱን በሙሉ ውጭ ደፋችው። ትሪውንም።

አኩዋ። ሲፈን አኩዋ ናት። ማንም አያውቅም፣ እኔና አንተ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። 7 ሰ.

ልጆቹ የተወለዱበትን ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቀው ይመጣሉ። ስለዚህ ገጽ 9። ባልከፍተው ይሻለኝ ነበር።

ማዳጋስካር፣ ደጋው ላይ፣ ሜሪና የሚባሉ ሕዝቦች። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ዓመታት ካለፉ በኋላ መቃብሩን ከፍተው የሟቾቻቸውን አጽም ያወጣሉ። በአዲስ ጨርቅ ይጠቀልሉታል። ያወሩታል፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ ይነግሩታል። ሙዚቃ አለ። ተሸክመው ይጨፍራሉ። ከዚያ መልሰው ያስተኙታል። «ማንም እዚያ ሬሳ አይፈራም። የሚፈሩት መርሳትን ነው» ብላ ጽፋለች።

አነበብኩት። እስከ መጨረሻው። ገላና ተነሥቶ የጓደኛውን ቦርሳ ትከሻው ላይ ጣለና መወዛወዝ ጀመረ። ሬሳ ነው! ሬሳ ነው! ሁሉም ይስቃሉ።

ዱስተሩን ሰሌዳው ላይ ወረወርኩት። ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ሙሉውን አላስታውስም። እናንተ አህዮች ማለቴን አስታውሳለሁ። ገላና ማልቀስ ጀመረ። እያለቀሰ፦

«እኔን ብቻ ለምን ትቆጣኛለህ? የገዳዩ ልጅ እዚያ ተቀምጣ የለ!»

በሩ ሥር ያለችው። ውሃ የማትጠጣው። ስሟ ኢፍቱ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ። የሹፌሩ ልጅ።

ገባኝ። አያቷ ለምን እንደከለከለቻት። በሲፈን ኩባያ፣ በእኛ ወገን ዕቃ መጠጣት አትችልም። መምጣትም የለባትም፤ ከአያቷ ተደብቃ ነው የምትመጣው አሉ ልጆቹ። እያየችኝ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈት ጀመረች።

«ውጪ።»

ዚፑ ላይ ቆመች።

«ውጪ አልኩሽ!»

ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ጫማዋን አላደረገችም። በእጇ ይዛው ሮጠች።

ደስ አለኝ። ልዋሽህ አልችልም። ሙሉ ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን የለም። ሲፈን ላይም ተናድጃለሁ። ምን አስጻፈሽ ይሄን? እኛ አንቺን አውጥተን የምናወራሽ መቼ ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 17

የት/ቤቱ ግቢ። ቲቸር ገመቹ ልምምድ ያሠራል። ልጆቹ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ቀሚስ ወገባቸው ላይ፣ ፊታቸው ላይ ከሰል። ከሰል! «አፍሪካ» ነው አለኝ። የየት? አልኩት። የየትኛው ሕዝብ? ስም! በአጠቃላይ ነው አለ። ከበሮ፣ ዝላይ፣ ጦር ከሸንበቆ። ከዚያ ወላጅ ያጨበጭባል።

የእሷን ሕግ አንብበህ አታውቅም አልኩት። ሽፋኑ ላይ ነው፣ መክፈት ብቻ ነው። ገጽ 7ንም ቢሮህ አስቀምጠህ አጠፋኸው፤ ዓመት የለፋችበትን። ሌባ አልኩት። ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። ከሰሉ ፊታቸው ላይ፣ አፋቸው ክፍት።

ወላጅ አምጣ ብቻ አለ። አባቴ ነገ ይሄዳል። ይቅርታ ይጠይቃል። እሱ እኮ ይችልበታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 21። 11 ሰ.

ጠዋት ወደ ት/ቤት ስወጣ የግቢያችን በር ሥር ድንጋይ። ከሥሩ ፕላስቲክ። በፕላስቲኩ ውስጥ ገጽ 7።

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ልገልብጥልህ።

«ማሊ ውስጥ አንዳንድ የቤተሰብ ስሞች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። የአንዱ ስም ያለው ሰው የሌላውን መንገድ ላይ ሲያገኝ ይሰድበዋል፤ "አንተ ቦሎቄ በሊታ!" ተሰዳቢው መልሶ ይሰድበዋል። ባይተዋወቁም። ፖሊስና ተከሳሽም ቢሆኑ። በጣም የከፋ ጠብ ቢኖር እንኳ የቀልድ ዘመድ መሃል ከገባ ይሰማል። ሰው ሲሞትም ለቅሶ ቤት ይመጣል፤ "ሥራ ጠልቶ ነው የተኛው፣ ቀስቅሱት!" ይላል። የሚያለቅሱት ይስቃሉ። እሱ ላይ መቆጣት ክልክል ነው።»

ሥዕሉ፦ ሁለት ጉልበት የሌላቸው ሰዎች፣ መሃላቸው ትልቅ ሳህን። ሳህኑ ግማሹ በቡናማ ተቀብቷል። ግማሹ ባዶ ነው። ቀለሙ ከመስመሩ አልወጣም፤ ተጠንቅቃ ነው የቀባችው። ጠርዙ ላይ የሲፈን ጽሑፍ፦ «ኢፍቱ፣ ቦሎቄውን አንቺ ቀቢ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ። ጥቅምት 24»።

ጥቅምት 24። ያን ቀን ጠዋት ሰጥታት ነው የወጣችው።

ጀርባው ላይ በልጅ ጽሑፍ፦ «ቀለሙ አልቆብኝ ነው። አልሰረቅኩም። በእጅ መስጠት አይቻልም ተባልኩ።»

ቦርሳዋን ስትከፍት የነበረው ለዚህ ነው። መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ልትሄድ። እኔ አስወጣኋት። ቲቸር ገመቹንም ሰው ፊት ሌባ አልኩት።

አሁንም ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን እየጠፋኝ ነው። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ገጽ 7ን አነበብኩላቸው። በር ሥር ያለው ቦታ ባዶ። ማንም አልተቀመጠበትም።

ስድቡን ሲሰሙ ማን ያስቁማቸው! ቦሎቄ በሊታ! ድንች ራስ! አንተ የአምቦ ውሃ፣ ዝም ብሎ የሚፈላ! የመጨረሻዋ ለእኔ ነው፣ ከገላና። ባለፈው ሳምንት ያስለቀስኩት ልጅ። ዓይኑን ጨፍኖ ዱስተር ጠበቀ።

ሳቅኩ። ሳላስበው። ከጥቅምት 24 ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ጠላሁት፤ ግን ወጥቷል።

ከዚያ ወደ ኢፍቱ ቤት ሄድኩ። ከወንዙ ማዶ፣ ቆርቆሮ አጥር። ምን እንደምል አላውቅም። አያቷ ከአጥሩ ውስጥ አዩኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቷን ወደ ቤት ሲገፏት ሰማሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው ያወሩት።

«ልጄ፣ እዚህ አትቁም። ፀሐይ ነው፣ ከሩቅ መጥተሃል፤ ውሃ እንኳ ልሰጥህ አልችልም።»

በእኛ አገር ደጅህ የቆመ ሰው ውሃ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? እኚህ ሴት በዕድሜያቸው ለማንም እንዲህ ብለው አያውቁም።

ገጹ ደርሶኛል ለኢፍቱ ይንገሩልኝ አልኩ። ከውስጥ ልጅቷ በኦሮምኛ ጮኸች። ቦሎቄው አላለቀም አለች። ግማሹ ነው።

አውቃለሁ አልኩ። ሄድኩ። መንገድ ላይ ድንጋይ ስመታ የጫማዬ አፍ ተከፈተ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ቲቸር ገመቹ ጋ ሄድኩ። ገጽ 7ን አሳየሁት። ሌባ ያልኩህን መልሼ ወስጃለሁ አልኩ። ከሰሉን ግን አልመልስም፣ ቀሚሱንም። ልጆቹ ፊት ላይ ከሰል ተቀብቶ ከወጣ መጽሐፉን አልሰጥም። አቃጥለው ይሆናል እንጂ አልሰጥም።

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ። «አንተ ሁለተኛው ነህ» አለ። «እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጮሃብኛለች። አንዴ ሰልፍ ላይ።» ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወደ ቤት ስሄድ ግን ሰልፍ ላይ ስትጮህ አየኋት።

ጭፈራው ቀረ። ልጆቹ አንድ አንድ ገጽ ያነባሉ። አንድ ችግር አለ፣ ገጽ 12 ባዶ ነው አለ። አንተ ሙላው። ፈረስ ሳል፣ የወንጪን ሐይቅ ሳል፣ ሰው ይወዳል።

ፈረስና ሐይቅ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በፈረስና በሐይቅ ይናደዳል? በሐይቅ ይፈራል? ሕግ 3።

ወረቀቱ ፊት ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። እኔ የማውቃት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ናት። የምትፈራው እኔን ነው። የሚጠማት ውሃ ነው። ጀሪካኑ አጠገቧ ነው፣ ኩባያው ይዞራል፣ አትጠጣም። ምንም አላጠፋችም። እንድትጠጣ የሚያደርጋት ደግሞ የአባቴ አፍ አይደለም፣ ፍ/ቤትም አይደለም፣ ኦቦ ደበላም አይደሉም። እነሱ ሁሉ አዎ ብለዋል።

የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የከለከልኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሳላውቅ፣ ኩባያውን እያዞርኩ።

ይሄን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። በንዴት ነው። ልቅሶ እንዳይመስልህ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29። ጠዋት 12:30

አባቴ ውጭ ሸሚዙን እየቆለፈ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ለብሳ ሁለት ጊዜ አወለቀች። አሁን በሦስተኛው ለብሳ ቆማለች።

እሄዳለሁ።

አስተውል፦ ይቅር አላልኩም። ሹፌሩን ሳየው ምን እንደምሆን አላውቅም። እጄን ከእሱ ጋር በአንድ ሳፋ እታጠባለሁ፣ የሚቀርበውን እበላለሁ፤ ሆዴ አይቀበለው ይሆናል። ማንም እንዳያጨበጭብ ለኦቦ ደበላ ትናንት ነግሬያለሁ። እሳቸው፦ «ጉማ ላይ አይጨበጨብም፣ ልጄ። የተናደደም ይቀመጣል። ያልተናደደማ ምን ያስታርቁታል?» አሉኝ። ይሄን ገጽ 12 ላይ እጽፈዋለሁ። «ማን ነገረኝ» ሳጥን ውስጥ ስማቸውን።

መጀመሪያውን ትናንት ጽፌዋለሁ፦ «አምቦና በዙሪያዋ የምንኖር ኦሮሞዎች ሰው በሰው እጅ ሲሞትብን ከዚያ ሰው ቤት ጋር በአንድ ኩባያ መጠጣት የምናቆምበት ጊዜ አለ። አንዲት ልጅ ነበረች፤» የቀረውን ካየሁ በኋላ።

ቡናማ ቀለም ኪሴ ውስጥ። አዲስ ነው፣ ሙሉ። አረንጓዴውን ኩባያ ከክፍሉ ትናንት አምጥቻለሁ፣ አጥቤዋለሁ። ኢፍቱም ከቤተሰቧ ጋር ትመጣለች፤ ከሳፋው በኋላ መጀመሪያ እሷ ትጠጣለች፣ ቀጥዬ እኔ፣ ሳላጥበው። ሌላው ሰው እንደፈለገ ይሁን።

አባቴ ጠራኝ። ስሜን ብቻ፣ ግን እንደዚያኛው አይደለም። ኩባያውን የት ነው ያስቀመጥኩት፣ አሁን እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ይኸው፣ አገኘሁት።